ወርድፌንስ የድረ ገጹን ባለቤት ሲያግድ፦ ከማጥፋትሽ በፊት አድራሻውን እዪ

ሰላም እህቴ። የድርጅታችሁን የወርድፕረስ ድረ ገጽ ክላውድፌር ከተባለው አገልግሎት ጀርባ ካደረጋችሁት ወዲህ፣ ድረ ገጹን የሚጠብቀው ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ወርድፌንስ አንቺንም ደንበኞቻችሁንም እያገደ ነው፤ 503 የሚል ገጽ ይመጣል፤ ደጋግመሽ ስትሞክሪ ግን አንዳንዴ ይከፈታል። በዚህ ላይ የጸሐፊያችሁ ባለስድስት አሃዝ የመግቢያ ማረጋገጫ ኮድ አልሠራ ብሏል። «አጥፍቼው ልገላገል ወይ?» ብለሻል። እባክሽ አታጥፊው። የትንንሽ ድርጅቶችን ድረ ገጾች ስከታተል ይህ ችግር ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። ፕለጊኑ ሥራውን እየሠራ ነው፤ በሩ ላይ የቆመው ማን እንደሆነ ግን በትክክል አይታየውም።

ምስጢሩ «አንዳንዴ ይከፈታል» ያልሽው ላይ ነው። ክላውድፌር በጎብኚውና በሰርቨራችሁ መካከል ስለሚቆም፣ ሰርቨሩ የሚያየው የጎብኚውን ሳይሆን የክላውድፌርን አይፒ አድራሻ (በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ነው። አንድ ዘበኛ የእንግዶችን ስም ትቶ የመጡበትን ታክሲ ታርጋ ቢመዘግብ፣ ሌባ የመጣ ዕለት የሚያግደው ታክሲውን ነው፤ በዚያ ታክሲ የሚመጣ ጨዋ ሁሉ ከበር ይመለሳል፣ በሌላ ታክሲ የመጣው ይገባል። አንቺም አንዳንዴ የምትገቢው ጥያቄሽ ባልታገደ የክላውድፌር አድራሻ በኩል ሲያልፍ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የታገዱትን አድራሻዎች ዝርዝር ክፈቺ። በ162.158 ወይም በ172.68 የሚጀምሩ ከሆኑ የክላውድፌር ናቸው። በአንድ ሆቴል ድረ ገጽ ላይ ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች በእነዚህ ተሞልቶ አይቻለሁ፤ ክፍል ሊይዙ የመጡ እንግዶች የይለፍ ቃል ሲገምት ከነበረ ሮቦት ጋር አብረው ታግደው ነበር።

መጀመሪያ ግን መግባት አለብሽ። የእገዳው ገጽ ራሱ የአስተዳዳሪን ኢሜይል ተቀብሎ የመክፈቻ ሊንክ ይልካል። ኢሜይሉ ካልደረሰሽ በሲፓነል (በሆስቲንጋችሁ መቆጣጠሪያ ገጽ) ፋይል ማኔጀር ገብተሽ፣ በ‹ፕለጊንስ› ፎልደር ውስጥ ያለውን የ‹ወርድፌንስ› ፎልደር ስም ለውጪ። ፕለጊኑ ሥራውን ያቆማል፤ ቅንብሮቹ ግን በዳታቤዝ ውስጥ ስለሆኑ አይጠፉም። ከገባሽ በኋላ ስሙን መልሰሽ ፕለጊኑን አክቲቬት አድርጊው። እዚህ ላይ አደራ የምልሽ ‹ወርድፌንስ-ዋፍ› የሚለውን የፒኤችፒ ፋይል እንዳትሰርዢ ነው። ስሙ በነጥብ የሚጀምረው የ‹ዩዘር› አይኤንአይ ፋይል፣ ማንኛውም ገጽ ከመከፈቱ በፊት ያ ፋይል እንዲነበብ የሚያዝዝ መስመር ሊኖረው ይችላል። መስመሩ ሳይነሳ ፋይሉ ከጠፋ ድረ ገጹ በሙሉ ይወድቃል። መስመሩን ብታነሺው እንኳ ፒኤችፒ አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ደቂቃ ያህል የድሮውን ይዞ ስለሚቆይ መታገሥ ያስፈልጋል።

ዋናው መፍትሔ ያለው በወርድፌንስ አጠቃላይ ቅንብሮች ውስጥ ነው። ፕለጊኑ የጎብኚዎችን አይፒ ከየት እንደሚወስድ የሚጠይቅ ክፍል ታገኛለሽ፤ የክላውድፌርን ‹ሲኤፍ-ኮኔክቲንግ-አይፒ› ምረጪ። እዚያው ከሥሩ የራስሽን አድራሻ ያሳይሻል። በዚያው መሣሪያ «የእኔ አይፒ» ብለሽ ፈልገሽ ከምታገኚው ጋር አስተያዪው፤ ከገጠመ ጨርሰሻል፤ የቀድሞዎቹን እገዳዎች አንሺ። ‹ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር› የሚለውን ግን እንዲሁ አትምረጪ፤ ማንም ጎብኚ የፈለገውን አድራሻ ጽፎ ሊልክበት ይችላል። የሰርቨራችሁን እውነተኛ አድራሻ የሚያውቅ ሰው የክላውድፌሩንም ማስመሰል ስለሚችል፣ ሆስቲንጋችሁ ከክላውድፌር ውጭ የሚመጣውን ሁሉ እንዲዘጋ ጠይቂ።

ብዙ ሰው በንዴት የክላውድፌርን አድራሻዎች ወይም የራሱን የሞባይል አይፒ ከማንኛውም ሕግ ነጻ በሚያደርገው ዝርዝር ውስጥ ያስገባል። ይህ በጣም አደገኛ ነው። የመጀመሪያው በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ነው። የሞባይል ዳታ አድራሻም ብዙ ደንበኞች በአንድ ጊዜ የሚጋሩት፣ ነገ ደግሞ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ መግባት የሚችለው የቢሮአችሁ ቋሚ አይፒ ብቻ ነው፤ ካላችሁ። ይኸው መጋራት የእገዳውን ርዝመትም ይመለከታል፦ አንድ የሞባይል አድራሻ ለቀናት ከታገደ የማታውቂያቸው ብዙ ደንበኞች አብረው ይታገዳሉ። የተወሰኑ ሰዓታት ይበቃሉ።

የጸሐፊዋ ጉዳይ ሌላ ነው። ስልኳን ተቀብለሽ ሰዓቱን እዪ። እዚህ አገር ብዙ ሰው የስልኩ ሰዓት በኛ አቆጣጠር እንዲያሳይ በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የማረጋገጫ ኮዱ በየ30 ሴኮንዱ የሚሰላው ደግሞ ከስልኩ ሰዓት ነው። የሰዓት ክልሉ የአዲስ አበባ ሆኖ ሰዓቱ ብቻ በእጅ ከተቀየረ፣ ስልኩ የሚሰጠው ኮድ የ6 ሰዓት አሮጌ ነው፤ ሰርቨሩም አይቀበለውም። ሰዓቱ ከኔትወርክ በራሱ እንዲስተካከል አድርጊላት፤ የኛን አቆጣጠር የሚያሳይ የሰዓት መተግበሪያ ለብቻው ይጫንላት። ወርድፌንስ ኮዱን ስታስጀምሪ የሚሰጣቸውን አምስት የመጠባበቂያ ኮዶች አትመሽ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪ፤ እያንዳንዱ የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም የሚመጣው 503 ሳይሆን 403 ከሆነ፣ ፋየርዎሉ (የወርድፌንስ አጣሪ ክፍል) ያልወደደው አድራሻሽን ሳይሆን የላክሽውን ይዘት ነው። ያን ጊዜ ምን ስትሠሪ እንደታገድሽ ጻፊልን፤ ፎርም እየሞላሽ ወይስ ጽሑፍ እያስቀመጥሽ እንደነበር ካወቅን የትኛው ሕግ እንደያዘሽ እንለያለን።