የሒሳብ ሊቃውንትና የአክሲዮን ገበያ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ስታቲስቲክስ ማስተማር ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ከተከፈተ ወዲህ ስለ አክሲዮንና ስለ ኮምፒውተር ሞዴል (ካለፈው ዋጋ ተነሥቶ ስለሚያሰላ ቀመር) የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል፤ የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የውጭ አገር ታሪክ ሳነሣ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (እህል ነጋዴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ መምህር፣ ዋጋን የሚያውቀው ገበያ ውስጥ የኖረ ሰው ነው። የሒሳብ ሰው ምን አዲስ ነገር አመጣ?

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ያመጣው የስጋት መለኪያ ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሉዊ ባሸሊዬ በ1900 ፓሪስ ላይ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ ዋጋ ነገ ይውጣ ይውረድ ማወቅ ባይቻልም ከዛሬው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ማስላት እንደሚቻል አሳየ። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሃሪ ማርኮዊትዝ ደግሞ በ1952፣ አንድን አክሲዮን ለብቻው መመዘን እንደማይበቃና ከሌሎቹ ጋር ምን ያህል አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ መታየት እንዳለበት በቀመር አስቀመጠ፤ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ነገሩን የወሎ ገበሬ አሳምሮ ያውቀዋል። ደጋ ላይ በበልግ ዝናብ የሚዘራ ገብስ፣ ቆላ ላይ ደግሞ በክረምት ዝናብ የሚበቅል ማሽላ ያለው ቤተሰብ፣ በልጉ ቢቀርበት ማሽላው ያወጣዋል፤ ሁለቱም ማሳው ደጋ ላይ የሆነ ግን በአንድ በልግ ሁለቱንም ያጣል። የማርኮዊትዝ ቀመር «ምን ያህሉን ደጋ፣ ምን ያህሉን ቆላ» ለሚለው ጥያቄ በቁጥር መልስ ይሰጣል።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ሆጤ)፦ ታዲያ ኮምፒውተሩ ነገን ያያል ማለት ነው?

መልስ፦ አያይም፣ ልጄ። የጂም ሳይመንስን ሥራ ብታዪ ይገባሻል። ሳይመንስ የጂኦሜትሪ ሊቅ ነበር፤ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ለአሜሪካ መንግሥት ምስጢራዊ ኮድ የሚፈቱ ሰዎች ባሉበት ተቋም ሠርቷል፤ ኋላም ኒውዮርክ በሚገኘው ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍልን መርቷል። ሬኔሳንስ ቴክኖሎጂስ ለተባለው፣ በኮምፒውተር ሞዴል ለሚነግደው ድርጅቱ የቀጠራቸው በአብዛኛው የሒሳብና የፊዚክስ ምሁራን፣ እንዲሁም ኮምፒውተር የሰው ንግግር እንዲለይ ሲያስተምሩ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። እነርሱም የብዙ ዓመታት ዋጋ እየሰበሰቡ፣ የተሳሳተውን እያረሙ፣ ዋጋው ወዴት እንደሚያዘነብል የሚጠቁም፣ በውስጡ የሚደጋገም ደካማ ምልክት ካለ ይፈልጉ ነበር።

የምልክቱ ደካማነት የማይጎዳው ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳይሽ (ውርርዱ ለምሳሌ ብቻ ነው)። ከ100 ጊዜ 51 ጊዜ ለአንቺ የሚያደላ ሳንቲም አለሽ እንበል፤ በእያንዳንዱ ውርወራ 1 ብር ይገኛል ወይም ይታጣል። 100 ጊዜ ብትጥዪው የሚጠበቀው ትርፍ 2 ብር ነው፤ ዕድል ግን ውጤቱን 10 ብር ያህል ወዲህና ወዲያ ስለሚያወዛውዘው ከስረሽ ልትነሺ ትችያለሽ። 100,000 ጊዜ ብትጥዪው ግን የሚጠበቀው ትርፍ 2,000 ብር ሲሆን ማወዛወዙ 316 ብር ገደማ ብቻ ይሆናል፤ መክሰር የማይታሰብ ነው ማለት ይቻላል። ሰው በእጁ መቶ ሺህ ግብይት መፈጸም አይችልም፤ ኮምፒውተር ይችላል። በየግብይቱ የሚከፈለው ወጪ ከዚያች ትንሽ ብልጫ ከበለጠ ግን ሁሉም ከንቱ ነው።

ጥያቄ (የባንክ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ)፦ እነዚህ ሊቃውንት ተሳስተው አያውቁም?

መልስ፦ ክፉኛ ተሳስተዋል፣ እኅቴ። በ1997 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሮበርት መርተንና ማይረን ሾልስ ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት በተባለ የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት ውስጥ ባለድርሻ ነበሩ። ድርጅቱ በከባድ ብድር ይሠራ ነበር። በነሐሴ 1998 ሩሲያ ዕዳዋን አልከፍልም ስትል፣ በሞዴሉ ስሌት አብረው ሊወርዱ የማይገባቸው ንብረቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወረዱ። በጥቂት ወራት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ፤ 14 የገንዘብ ተቋማት 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው የከፋውን አገዱት። የ77ቱን ድርቅ ያየ የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት ቀመር አያስፈልገውም፦ በልጉም ክረምቱም ሲቀር ደጋና ቆላ መለየቱ አላዳነም። እኔ ለተማሪዎቼ ከሁሉ አጥብቄ የምነግራቸው ይህንን ነው፤ ሞዴል የሚያውቀው የተመዘገበለትን ዘመን ብቻ ነው።

ጥያቄ (ባለሱቅ፣ ፒያሳ)፦ «ኮምፒውተራችን በየቀኑ ትርፍ ያስገኛል፣ ብር ላኩ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ልላክ?

መልስ፦ እባክዎ አይላኩ። የሳይመንስ ዋና ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ የሚነገድበት ቋት)፣ ሜዳሊየን፣ ሲሳካለት የውጭ ሰዎችን ገንዘብ መልሶ ለሠራተኞቹ ብቻ ሆኗል። እውነተኛ ብልጫ በእጁ ያለ ሰው የማያውቀውን ባለሱቅ ብር አይለምንም።

ጥያቄ (ጡረተኛ፣ ደሴ)፦ ለእኛ ለተራ ሰዎች ከዚህ ሁሉ ምን ተረፈ?

መልስ፦ አባባ፣ ትልቁ ቅሪት ኢንዴክስ ፈንድ ነው። ጆን ቦግል በ1976 አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ ያቀረበው ይህ ፈንድ፣ አሸናፊ አክሲዮን ልምረጥ ሳይል ብዙዎቹን በየድርሻቸው ገዝቶ በዝቅተኛ ወጪ ይይዛል። እኛ ጋ ገበያው ገና ለጋ ነው፤ የተመዘገቡት ድርጅቶች ጥቂት፣ የዋጋ መዝገቡም አጭር ስለሆነ ሞዴል የሚመገበው የለውም። ለጊዜው የኦዲት ሪፖርት ማንበብ ይበልጣል።

ጥያቄ (ያችው ተማሪ)፦ ይህን ሙያ ብፈልግ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከደብተር። በየሳምንቱ ሰኞ ገበያ ወርደሽ የማሽላና የገብስ ዋጋ በሁለት ዐምድ አንድ ዓመት ሙሉ መዝግቢ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ሸፍነሽ፣ በቀሪዎቹ ዘጠኙ ላይ ያገኘሽውን ምልክት በተሸፈኑት ፈትኚው። አብዛኛው ምልክት እዚያ ይወድቃል፤ የወደቀውንም ሳትሰርዢ ይዘሽልኝ ነይ።