ማብሪያው ጠፍቶም ኤልኢዲ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ለምን ይበራል?

ማብሪያውን ካጠፉ በኋላም አምፖሉ ሌሊቱን ሙሉ ደብዘዝ ብሎ እንደሚበራ ጽፈዋል። ብዙውን ጊዜ አምፖሉ ተበላሽቶ አይደለም። ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ከረንት፣ ማለትም ኤሲ ነው። በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን ስለሚቀይር ጎን ለጎን በተዘረጉ ሽቦዎች መካከል ሳይነካኩ እንኳ ጥቂት ከረንት ይሻገራል፤ ለኤልኢዲ ያቺው ትበቃዋለች። በባትሪና በሶላር ዲሲ መስመር ላይ ይህ አይታይም። ማብሪያው ላይ ጠቋሚ መብራት ካለም ምክንያቱ እሷ ልትሆን ትችላለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ማብሪያው ፌዙን (ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣውን ሽቦ) ትቶ ኒውትራሉን (ከረንቱ ወደ መስመሩ የሚመለስበትን ሽቦ) እየቆረጠ ከሆነ፣ መብራቱ ጠፍቶም አምፖል ማቀፊያው ውስጥ 220 ቮልት አለ። አምፖል ሲቀይሩ ይይዝዎታል!

ቴስተሩን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ያለበትን ሲነካ የሚበራውን ካቻቪቴ፣ መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ይሞክሩት። አምፖሉን ፈተው ያውጡ፣ ማብሪያውን ያጥፉ፣ ክዳኑን ከፍተው ሁለቱን ብሎኖች በየተራ ይንኩ። አንዱ ላይ ደምቆ ከበራ ፌዙ በቦታው ነው። አንዱም ላይ ካልበራ ማብሪያው ኒውትራል ላይ ገብቷል።

ለማስተካከል ዋናውን ብሬከር ያጥፉና በቴስተር ደግመው ያረጋግጡ። ፌዙ ወደ ማብሪያው ይግባ፤ ከማብሪያው የሚመለሰው ሽቦ ማቀፊያው መሀል ካለችው ምላስ፣ ኒውትራሉ ደግሞ በቀጥታ ከጥርሱ ጋር ይታሰር። ለመብራት መስመር 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦና 10 አምፔር ብሬከር ይበቃል። የሽቦውን ቀለም አይመኑ፣ ብዙ ቤት ውስጥ የተገኘው ሽቦ ነው የሚዘረጋው። ሁሉም ክፍል እንዲሁ ከሆነ የተገለበጠው ከቆጣሪው አካባቢ ነውና ለባለሙያ ይተዉት።