ኪርከጋርድን ለምትጠቅሱ

ውድ ልጆቼ፣

ፍልስፍናና ነገረ መለኮት የምትማሩትም፣ ለስብከት ጥቅስ የምትለቅሙትም፣ በጽሑፋችሁ ውስጥ የዴንማርኩ ፈላስፋ የሶረን ኪርከጋርድ ስም እየበዛ መጥቷል። መልካም ነው። ያሳሰበኝ ከስሙ ቀጥላችሁ የምትለጥፏት «እንዳለው» የምትል ቃል ናት።

ሰውዬው እንዲህ እንዳታደርጉበት ለምኖ ነበር። በ1846 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ወፍራም መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፣ እስከዚያ በብዕር ስም የታተሙትን ሥራዎች የጻፈው እርሱ መሆኑን አመነ። ወዲያው ግን በእነዚያ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ የእኔ አይደለችም፣ ከጠቀሳችሁ የብዕር ስሙን ጥሩ አለ። ቀልዱን አልነበረም። የብዕር ስሞቹ መደበቂያ ብቻ አይደሉም፤ የየራሳቸው ጠባይና አቋም ያላቸው ሰዎች ናቸው።

«ፍርሃትና መንቀጥቀጥ»ን (1843) የጻፈው ዮሐንስ ዴ ሲሌንቲዮ ነው፤ ዮሐንስ ዘአርምሞ ብንለው ያምርበታል። አብርሃምን እያደነቀ፣ እኔ ግን ያ እምነት የለኝም ይላል። በ1846ቱ ወፍራም መጽሐፍ ላይ የሰፈረው ዮሐንስ ክሊማኩስ ስሙን የወሰደው ስለ መንፈሳዊ መሰላል ከጻፈው ከጥንቱ የሲና መነኩሴ ነው፤ ክርስቲያን አለመሆኑን በግልጽ ይናገራል። የ«ለሞት የሚያደርስ ሕመም» (1849) ባለቤት አንቲ ክሊማኩስ ደግሞ ከተራው ምእመን እጅግ የላቀ ክርስቲያን ነው። «አንቲ»ን «ተቃዋሚ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ስህተት ነው፤ እዚህ ቦታ «የሚቀድም፣ የሚልቅ» ማለት ነው። ኪርከጋርድ ራሱን ያስቀመጠው በሁለቱ መካከል ነው፤ ከክሊማኩስ በላይ፣ ከአንቲ ክሊማኩስ በታች። ከሁለቱም አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ቆርጣችሁ በአንድ ሰው ስም ስትደረድሩ ምን እንደምታበላሹ አስቡት።

ቅኔ የለመደ ሰው ይህ አይከብደውም ይባል ይሆናል። ልዩነት ግን አለው። በሰምና ወርቅ ሰሙን ስትገልጡ የምታገኙት ወርቅ የባለቅኔው ነው። እዚህ ገልጣችሁ የምታገኙት ጥያቄ ነው፤ መልሱ የሚጠበቀው ከእናንተ ነው።

«የእምነት ዝላይ» የምትሉት ሐረግም በዚህ መልኩ በመጽሐፎቹ ውስጥ የለም። «ዝላይ» አለ፤ ክሊማኩስ ደጋግሞ ያነሳዋል። ዓይን ጨፍኖ ገደል መግባት ግን አይደለም። የታሪክ ማስረጃ ምንም ያህል ብትቆልሉ ክምሩ በራሱ ውሳኔ አይሆንም፤ ማወቅና መወሰን በዓይነት ይለያያሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩም ዝላይ ነው ማለቱ ነው።

ከየት እንጀምር ለምትሉ። በፌብሩዋሪ 1843 «ወይ ይህ ወይ ያ» ወጣ፤ በሜይ ደግሞ በራሱ ስም ሁለት አጫጭር መንፈሳዊ ንግግሮች አሳተመ። ከዓመታት በኋላ፣ የፊተኛውን በግራ እጄ፣ የኋለኛውን በቀኝ እጄ ዘረጋሁ፤ ሰዉ ግን በቀኙ የግራዬን ተቀበለ ሲል ጻፈ። በግራ እጅ መስጠት ነውር መሆኑን እየሰማችሁ ላደጋችሁ ምሳሌው ማብራሪያ አያሻውም። እናንተ ከቀኙ ጀምሩ። በማቴዎስ 6 ላይ ተመሥርቶ ስለ ሜዳ አበቦችና ስለ ሰማይ ወፎች በ1849 ያወጣቸው ሦስት ንግግሮች ይበቃሉ፤ አንዱ ስለ ዝምታ፣ አንዱ ስለ መታዘዝ፣ አንዱ ስለ ደስታ ነው። ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቧቸው።

ከዚያ ዘፍጥረት 22ን አንብባችሁ «ፍርሃትና መንቀጥቀጥ»ን ክፈቱ። መግቢያው ላይ የአብርሃም ጉዞ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው እየተለወጠ ይተረካል። በመጀመሪያው አብርሃም ልጁ በእግዚአብሔር ላይ ያለው እምነት እንዳይጠፋ ሲል፣ ይህ የእኔ የራሴ ፍላጎት ነው ብሎ ጨካኝ መስሎ ይታየዋል። ወዲያው ሌላ ሥዕል ይከተላል፤ ልጇን ጡት የምታስጥል እናት ጡቷን ታጠቁራለች፣ ልጁ የሚጠላው ጡቱን እንጂ እናቱን እንዳይሆን። እሬት የምትቀባ እናት ያየ ሰው እዚህ ጋ ቆም ይላል። ብዙዎች ግን ይህን እንደ ጌጥ ዘልለው ወደ ክርክሩ ይሮጣሉ፤ ክርክሩም የሚጠምምባቸው ለዚህ ነው።

«ለሞት የሚያደርስ ሕመም» የመጀመሪያው ገጹ ላይ ያስቆማችኋል፤ ስለ «ራስ» ምንነት የሚናገረው ዓረፍተ ነገር የተጠማዘዘ ነው። አትታገሉት። የተስፋ መቁረጥ ዓይነቶችን ወደሚዘረዝረው ክፍል እለፉ፤ አንዱ ራሱን መሆን አይፈልግም፣ ሌላው በእልህ ራሱን ብቻ መሆን ይፈልጋል። ያንን ስታውቁ ወደ ገጽ አንድ ተመለሱ። ከ«ወይ ይህ ወይ ያ» የአታላዩን አፍቃሪ ማስታወሻ ብቻ ነጥላችሁ አታንብቡ፤ በሁለተኛው ክፍል ዳኛው ቪልሄልም ለፊተኛው ክፍል ጸሐፊ ይመልስለታል።

ሕይወቱን ግን አርአያ ለማድረግ አትቸኩሉ። በ1840 ነገረ መለኮት ቢመረቅም ቄስ ሆኖ አልተሾመም፤ የኖረው በ1838 ከሞተው ነጋዴ አባቱ በወረሰው ገንዘብ ነው። ሬጊኔ ኦልሰንን በ1840 አጭቶ በ1841 ቀለበቱን መለሰላት። ይህን እጮኛ ለመተው እንደ ፈቃድ የሚያነቡ አሉ፤ እርሷ በ1847 ሌላ ሰው ካገባች በኋላ እንኳ በኑዛዜው ያለውን ሁሉ የተወው ለእርሷ እንደነበር ይዘነጋሉ።

ያለ ብዕር ስም የቆመበትን ከፈለጋችሁ የመጨረሻውን ዓመት ተመልከቱ። በጃንዋሪ 1854 የዴንማርክ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሚንስተር ሲሞቱ የነገረ መለኮት መምህሩ ማርተንሰን «የእውነት ምስክር» ብሎ አወደሳቸው። ኪርከጋርድ ተቃውሞውን ወዲያው ጽፎ እስከ ዲሴምበር ያዘው፤ ከዚያ በስሙ አወጣው። በሜይ 1855 «ቅጽበት» የተባለች መጽሔት ጀመረ፤ ዘጠኝ ቁጥር ታተመ። በኦክቶበር 2 መንገድ ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ቄሶች የንጉሥ ሹማምንት ናቸው ብሎ ቍርባን ከእጃቸው አልቀበልም አለ። በኖቬምበር 11 በ42 ዓመቱ ሞተ። አሥረኛው ቁጥር ለማተሚያ ተዘጋጅቶ ጠረጴዛው ላይ ተገኘ።