ቦዲ ስላም፦ ጠይቁኝ

ዛሬ ስለ ሬስሊንጉ ቦዲ ስላም ነው፤ ሰውን አንስቶ በጀርባው መዘረር። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ መውደቅ ያልተማረን ሰው አታንሱ። ፍራሽ ላይም፣ ሣር ላይም እንዳትሞክሩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 100 ኪሎ ሰው እንዴት ይነሳል?

መልስ፦ አታነሳውም፣ ይነሳልሃል። ቀኝ እጅህን በእግሮቹ መሃል፣ ግራህን በትከሻው ላይ ታሳልፋለህ። እሱ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ይዘላል፤ ታፋህንም በእጁ ተደግፎ ክብደቱን ያቀልልሃል። እ.ኤ.አ. በ1987 ሬስለሩ ሆጋን ግዙፉን ሬስለር አንድሬን ያነሳው በጡንቻው ብቻ ይመስልሃል? አንድሬ ባይፈቅድ ንቅንቅ አይልም ነበር።

ጥያቄ፦ ሬስሊንግ ውሸት አይደል እንዴ? ያማል?

መልስ፦ አሸናፊው ቀድሞ ይታወቃል። የሪንጉ ወለል ግን አያውቅም። ከሥር ብረት፣ ከዚያ ጣውላ፣ ከዚያ ስስ ስፖንጅ፣ ከላይ ሸራ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለዚህ አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፈህ ሆድህን እያየህ ትወድቃለህ። የላይኛው ጀርባህ ባንዴ ጠፍ ብሎ ይረፍ። እጆችህ ወደ ጎን ተዘርግተው ወለሉን በመዳፍ ይምቱት። ትንፋሽህን አውጣ። እጅህን ወደ ኋላ ሰደህ ልትደገፍ ብትል አንጓህ ይሰበራል። እኔን አሰልጣኜ የተጠቀለለ ካልሲ አገጬ ሥር አስይዞ ነበር የሚጥለኝ። ካልሲው ከወደቀ እንደገና ከአንድ። የመጀመሪያ ቀን ጣሪያውን አየሁና ጆሮዬ እስከ ማታ ጮኸ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ቢሆንስ?

መልስ፦ አይሆንም ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ፓይልድራይቨርስ?

መልስ፦ ሰውን ዘቅዝቆ ጭንቅላቱን ወደ ወለል ማውረድ? አላስተምርም። ቀጣይ።

አንድ አባል፦ እ.ኤ.አ. በ1997 ሳመርስላም በተባለው የሬስሊንግ ዝግጅት ላይ ሬስለሩ ኦስቲን አንገቱ የተጎዳው በፓይልድራይቨር አይደል?

ሌላ አባል፦ ያ ተቀምጠው የሚሠሩት ነው። ሬስለሩ አንደርቴከር በጉልበቱ ነበር የሚያርፈው፣ አታምታታ።

የመጀመሪያው፦ ያው ነው!

ሌላው፦ እንዴት ያው ይሆናል? ቪዲዮውን እይ እስቲ።

መልስ፦ ያው አይደለም። ያነሳው ኦወን ሃርት ሲቀመጥ የኦስቲን ጭንቅላት ከታፋው በታች ወርዶ ነበር። ሸክሙ ሁሉ አንገት ላይ አረፈ። በጉልበት ሲሆን ጭንቅላቱ ከወለሉ ራቅ ሊል ይችላል፤ ቢሆንም የተያዘው ሰው ተዘቅዝቆ ራሱን ማዳን አይችልም። የማላስተምረውም ለዚህ ነው። አሁን ወደ ቦዲ ስላም ተመለሱ።

ጥያቄ፦ አሪፍ ሙቭ ንገረኝ።

መልስ፦ ለማን? ለምን? ይሄ ጥያቄ ነው?

ጥያቄ፦ እኔ ቀጭን ነኝ፣ ከባድ ሰው ማንሳት እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያውን መልስ አንብቢ።

ጥያቄ፦ ሬስለሮች ስንት ይከፈላቸዋል?

መልስ፦ ገንዘብ ያዥ መሰልኩህ?

ጥያቄ፦ ወፍራም ፍራሽ ቢሆንስ ጋሼ?

መልስ፦ አገጭ! አገጭህን መያዝ ሳትማር ሪንግም ቢሆን አይሆንም።

ጥያቄ፦ እሺ። ካልሲው ግን የታጠበ ነበር?

መልስ፦ አልነበረም።