አሮጌ ልብስ ማጠቢያ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሆዱን እዩት

ልጆቼ፣ አዲስ ማሽን አልቀመስ ሲል ብዙዎቻችሁ ዓይናችሁን ወደ አሮጌው እንዳዞራችሁ አያለሁ። ደግ አደረጋችሁ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጥገና ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደሴ ቤቴ በረንዳ ላይ የሰፈሩን ማሽን ስፈታ ስገጥም እውላለሁ። ሞያ የሚባለው ነገር አላስቀምጥ ብሎኝ ነው እንጂ ለገንዘቡስ ብዙም አይደለም።

የማወራችሁ ስለ ባለ ሁለት ገንዳው ነው። ሻጮቹ ሴሚ አውቶማቲክ የሚሉት፣ በአንዱ ጎን የሚያጥበው፣ በሌላው ጎን የሚጨምቀው። ወጣቱ ይንቀዋል። ያን ፊት ለፊት የመስታወት በር ያለውን ነው የሚመኘው። እኔ ደሴ ለሚኖር ሰው ያኛውን አልመክርም። ግፊት ያለው የቧንቧ ውሃ ይፈልጋል፣ ውሃው መሀል ላይ ቀጥ ካለ ልብሳችሁን ቆልፎበት ቁጭ ይላል፣ መብራት ሄድ መጣ ሲል ደግሞ ውስጡ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ይቃጠልና ለቦርዱ የሚጠየቀው ዋጋ ማሽኑን ያስጠላችኋል። ባለ ሁለት ገንዳው ግን በጀሪካን ይሞላል። በፈረቃ የመጣችውን ውሃ በርሜል ውስጥ ይዛችሁ ስትፈልጉ ታጥባላችሁ። አንድ ሙሌት እንደ መጠኑ ከ30 እስከ 50 ሊትር ይፈጃል፣ ሁለት ባለ 20 ጀሪካን ገደማ ማለት ነው። በዚያችው ውሃ መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ ቀለም ያለውን፣ መጨረሻ ላይ ካልሲና የሥራ ልብስ ታጥቡባታላችሁ። የተረፈው ሽንት ቤት ይደፋል። ይህን ያ የመስታወት በር ያለው ማሽን አያደርግላችሁም።

መጭመቂያውን ደግሞ አትርሱ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ክረምት ገብቶ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ልብስ ገመድ ላይ ሰንብቶ ሳይደርቅ መሽተት ይጀምራል። መጭመቂያው በደቂቃ እስከ 1,400 ጊዜ ድረስ ስለሚሽከረከር ልብሱ ሲወጣ ውሃ አያንጠባጥብም፤ ቤት ውስጥ ብትሰቅሉትም ይደርቃል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ፀሐዩ ልብሱን ቶሎ ይጨርስላችኋል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ያላችሁ ልጆች፣ በተለይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ እየሠራችሁ አንድ ክፍል ለብዙ የተከራያችሁ፣ መጭመቂያው የሞተ ማሽን በርካሽ ብታገኙ አትለፉት። ደሴ ያላችሁ እንዳትሞክሩት።

ታሪክ ለሚወድ በአጭሩ ልንገራችሁ። ዌልስ ውስጥ ሜርተር ቲድፊል የሚባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 የተከፈተው የሁቨር ፋብሪካ እስከ 2009 ድረስ ማጠቢያ ሲያመርት ኖሯል፣ ሁቨርማቲክ የሚሉት ባለ ሁለት ገንዳም እንግሊዝ ውስጥ ስሙ የገነነ ነበር። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ሳንዮ የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1953 ገንዳው ውስጥ ባለ ሳህን ውሃውን የሚያሽከረክር ማሽን አወጣ። እኛ ዘንድ የምታገኟቸው አሮጌዎች አብዛኞቹ የዚህ የጃፓኑ ዘር ናቸው። ሳንዮ ራሱ ዛሬ ፓናሶኒክ ውስጥ ገብቶ ቀልጧል፣ የፓናሶኒክ የድሮ ስም የነበረው ናሽናልም ቀርቷል። ይህን የምነግራችሁ ለወሬ አይደለም። ኦሪጅናል መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ እንዳትንከራተቱ ነው። በስም አትፈልጉ፣ በልክ ፈልጉ። ሞተሩን ከማጠቢያው ጋር የሚያገናኘው ቀበቶ፣ ቺንጋው ላይ ቁጥር ተጽፏል፣ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ ቁጥር ተጽፏል፣ ሞተሩን ለማስነሳት የሚያግዘው ካፓሲተርም ላይ እንዲሁ። ቁጥሩን ይዞ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም።

አሁን ወደ ግዢው። ዋናው ምክሬ ይኼ ነው፦ ዋጋውን የምትከራከሩት በማይተካው ዕቃ ላይ ይሁን። ቺንጋ ይተካል፣ ካፓሲተር ይተካል፣ የውሃ ማስወጫው ቱቦ ይተካል፣ ታይመርም ከሌላ የሞተ ማሽን ይወለቃል። ገንዳው ከተሰነጠቀ ግን አበቃ። ፕላስቲክ በማጣበቂያ ትደፍኑታላችሁ፣ በሚንቀጠቀጥ ማሽን ላይ አይቆይም። የብረት ቀፎውን እግሩ ጋ ዝገት በልቶት ከሆነ ብየዳ ቤት ይወስዳችኋል። ሞተር ይጠመጠማል፣ ግን ሂሳቡ ይከብዳል። ሻጩ የሚያሳያችሁ ግን ላዩን ነው። ተወልውሎ፣ ተቀብቶ፣ ውስጡን ለቄስ። እናንተ አገላብጡት።

እንዴት እንደምታዩት ልንገራችሁ። ከሶኬት ይነቀል፣ ውሃው ይፍሰስ፣ ከዚያ በሁለት ሰው ወደ ኋላው ጋደም ይበል ወይም የጀርባው ክዳን ይፈታ። ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱ፣ "አይፈታም" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። መጭመቂያው ከስሩ የራሱ ሞተር አለው፣ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ዘንጉ ገንዳውን የሚያልፍበት ቦታ ላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጎማ አለ። ያ ጎማ ሲያረጅ ውሃ በጠብታ በጠብታ ዘንጉን ተከትሎ ሞተሩ አናት ላይ ያርፋል። በባትሪ ብርሃን እዩት። ከሞተሩ አናት ወደ ጎኑ የወረደ ቀይ የዝገት መስመር ካያችሁ፣ ጎማው ቀድሞ አልቋል፣ ኩሽኔታውም መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ዘንጉን በእጃችሁ አዙሩት፤ አሸዋ እንደገባበት ከተንኮሻኮሸ ኩሽኔታው አልቋል። ይህ ለመተው በቂ አይደለም፣ ለመከራከር ግን በቂ ነው። ጎማውን ሳትቀይሩ ኩሽኔታ ብቻ ብትቀይሩ ግን ገንዘባችሁን ውሃ በላው።

በማጠቢያው በኩል ደግሞ ከገንዳው በታች ያለውን ማርሽ ሳጥን ዳብሱት። ዘይት እጃችሁ ላይ ከወጣ እያፈሰሰ ነው፣ ነጣ ያለ ቅባት ከሆነ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል።

ሌላው፣ ከጀርባው የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። ወሎ ውስጥ ያለ አሮጌ ማሽን ብዙው ከሳዑዲ በሰው በሰው የመጣ ነው፣ እህት ወይ አክስት ልካው። የሳዑዲ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ ኸርዝ ማለት መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር ነው፣ የድሮው የቤት መስመራቸው ደግሞ 127 ቮልት ነበር። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ሰሌዳው 127 ካለ፣ እኛ ሶኬት ላይ በሰኩት ቅጽበት ጭስ ነው። 220 ቮልት 60 ኸርዝ ካለ ይሠራል፣ ግን ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ሞተሩም ቶሎ ይግላል። ለዚያኛው በየመሀሉ እያሳረፋችሁ ማጠብ ነው። ከኩዌት ወይም ከኤምሬትስ የመጣው 50 ኸርዝ ስለሆነ አብሽሩ፣ ችግር የለውም።

የሰፈራችን አንድ ልጅ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ማሽን ገዝቶ "ጋሼ፣ ካፓሲተር ብቀይር ብቀይር አልነሳ አለኝ" ብሎ መጣ። ሞተሩ ያቃስታል፣ አይዞርም። ዩቲዩብ "ካቃሰተ ካፓሲተር ነው" ብሎታል። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ በእጅ ገፋ ስታደርጉት የሚነሳ ከሆነ ካፓሲተሩ ደክሟል። ይኼኛው ግን ሲገፋም አይሄድም። "ቺንጋውን አውልቀህ ሞተሩን ለብቻው አስነሳው" አልኩት። ሞተሩ እንደ ንብ በረረ። ታዲያ ችግሩ ከሞተሩ በላይ ነዋ! ገንዳው ውስጥ ውሃ የሚያሽከረክረውን ሳህን ብናነሳው ከስሩ የጡት መያዣ ሽቦና የሃምሳ ሳንቲም ተቀርቅሮ አገኘን። ልጁ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም። መጨረሻ ላይ የጫነው ካፓሲተር ከሰሌዳው ቁጥር የበለጠ ነበር፣ "ትልቅ ይሻላል" ብለውት። አይሻልም። ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ማይክሮፋራድ፣ የካፓሲተሩን ልክ ማለት ነው፣ እሱን ነው የምትገዙት፣ ቮልቱም 400 ወይም 450 የሚል ይሁን። ትልቅ ካፓሲተር ሞተሩን አግሎ አግሎ ያቃጥለዋል። ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ ሁለቱን እግሮች እጀታው በተሸፈነ ካቻቢቴ፣ ባይሆን በአሮጌ አምፖል አገናኙ። ከሶኬት ተነቅሎም ቻርጅ ይይዛል፣ ይነዝራል።

ስለዚህ ነው ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለዩ የምለው። ቺንጋ አውልቆ ሞተርን ለብቻ ማየት ምንም አያስወጣም። ቴስተር፣ ያ ኤሌክትሪክ የሚለካው መሣሪያ፣ ካላችሁ ደግሞ እሰየው። የማጠቢያው ሞተር ሦስት ሽቦ አለው። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ስለሚዞር ውስጡ ያሉት ሁለቱ የሽቦ ጥቅሎች እኩል ናቸው፤ ከጋራው ሽቦ ወደ አንዱ ያነበባችሁት ኦም ወደ ሌላውም መድገም አለበት፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ እጥፉን ያሳያል። አንዱ በጣም ካነሰ ጥቅሉ ነዷል። የመጭመቂያው ሞተር ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚዞር ቁጥሩ ላይመሳሰል ይችላል። "አልተመሳሰለም" ብላችሁ ደህናውን ሞተር አስጠምጥማችሁ እንዳትመጡ።

ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። እኛ በወረቀት ነበር የምንስለው፣ እናንተ ምን ሰበብ አላችሁ?

አንድ ነገር ላይ ቀልድ የለኝም፣ የመጭመቂያው ፍሬን። ክዳኑ ሲከፈት ሞተሩ ይቋረጣል፣ በቀጭን ገመድ የተያዘው ፍሬን ይለቀቅና ዘንጉን ይይዛል። ክዳኑን ከፍታችሁ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልቆመ ያ ማሽን ልጅ ባለበት ቤት መግባት የለበትም። ነጠላ ጫፉ ብቻ ቢይዘው ክንድ ይዞ ይገባል። ገመዱን ማጥበቅ ወይም የፍሬን ሸራውን መቀየር ቀላል ሥራ ነው። አንዳንዱ "ጥገና" ባይ የክዳኑን ማብሪያ በሽቦ አገናኝቶ ማሽኑ ክፍት ሆኖ እንዲሽከረከር ያደርገዋል። እንዲህ የተነካካ ካያችሁ ማብሪያውን ወደ ነበረበት መልሱት። ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው።

መሬት የሚገባውን ሽቦም እንዲሁ። አሮጌው የደሴ ቤት ብዙው ኧርዝ የለውም። ሲሚንቶ ወለል ረጥቦ በባዶ እግር ቆማችሁ ቀፎው ከነዘራችሁ "ትንሽ ነው" አትበሉ። ብረት ዘንግ ጓሮ አስቀብሩና ሽቦውን ከቀፎው ጋር አሳስሩ፣ በባለሞያ። ከማብሰያ ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ አትሰኩት። ማሽኑ ራሱ ብዙ አይበላም፣ የእንጀራ ምጣድ ከሚበላው አሥር እጅ አንዱን ያህል ነው፤ ከምጣድ ጋር አንድ ላይ ሲሆን ግን የቀለጠው ማከፋፈያ ነው የሚነድባችሁ።

ጽዳቱ ቀላል ነው። የሳሙና ዝቃጭና ከውሃው የሚቀረው ነጭ ደንጊያ የያዘውን ገንዳ ኮምጣጤ በሞቀ ውሃ አድርጋችሁ አሳድሩት። ውሃው ይሙቅ እንጂ አይፍላ፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል። በረኪና ከፈለጋችሁ በሌላ ቀን፣ ኮምጣጤው በደንብ ታጥቦ ከወጣ በኋላ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የውሃ ማስወጫው መዝጊያ ጎማ ላይ ፀጉርና ክር ይጠመጠማል፣ ውሃ ሲሞላ ቀስ እያለ የሚጎድልባችሁ ለዚህ ነው። በጣታችሁ ጠርጉት፣ ጎማው ከደረቀ ብቻ ቀይሩት። የዛገውን ቀፎ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ፍቁ፣ ጸረ ዝገት ቀቡ፣ ከዚያ ቀለም። ዝገቱ ላይ ቀለም መደረብ የሻጭ ሥራ ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወይም ወደ ታች በፒክአፕ ስትጭኑት ቆሞ ይጫን፣ የመጭመቂያው ቅርጫት በጨርቅ ይታፈን። የሐረጎ መጠምዘዣ ላይ እየተወዛወዘ የላስቲክ እግሮቹን ይበጥሳል።

ቤት ገብቶ ሲሠራ ደግሞ መጭመቂያውን አታጨናንቁት። ልብሱን ዙሪያውን እኩል አድርጋችሁ ጠቅጥቁ፣ የፕላስቲክ ክዳኗን ከላይ ጫኑበት፣ ከዚያ አስነሱ። ዱብ ዱብ ካለ ወዲያው አቁማችሁ አስተካክሉ። ጋቢ ለብቻው ይግባ፣ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ተጠቅልሎ በአንድ ወገን ከተከመረ ቅርጫቱን ገንዳው ላይ ያላትመዋል፤ ስለዚህ እንደ ቀለበት ዘርግታችሁ ዙሪያውን አስቀምጡት። ጥለቱ አዲስ የሆነ ነጠላ ግን ቀለሙ ስለሚለቅ ለጊዜው በሳፋ ይታጠብ።