ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ማሰባሰብ፦ ጥያቄና መልስ

በባሕር ዳርና በዙሪያዋ የልጅነት ትምህርት ቤቶቻቸውን ለመርዳት የተነሡ የቀድሞ ተማሪዎች ለጠየቁኝ ጥያቄዎች የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የወላጅ መምህር ኅብረት ገንዘብ ያዥ ሆኜ ስለሠራሁ የምናገረው ከዚያ ሥራ ያወቅሁትን ነው።

ከሽምብጥ፦ ጋሼ፣ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የእራት ግብዣ አዘጋጅተን በአንድ ምሽት ገንዘቡን ለማግኘት አስበናል። ምን ይመክሩናል?

አዳራሹን፣ ምግቡንና የድምፅ መሣሪያውን የሚሸፍንላችሁ ካገኛችሁ አዘጋጁ፤ ካላገኛችሁ ለሆቴሉ ነው የምታሰባስቡት። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ቃል የተገባውን እንደ ገንዘብ መቁጠር ነው። ጭብጨባው ሲደምቅ ሰው ከአቅሙ በላይ ይጠራል፤ ሲነጋ ግን ስልክ አያነሣም። እዚያው ቅጽ አስሞሉ፣ የሚከፍልበትን ቀን አስጽፉ፣ በሳምንቱ ደውሉ። ባንክ ባልገባ ብር መሠረት እንዳታስቆፍሩ! ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ያጣ ቤት ቀጣዩን ለጋሽ ያባርራል።

ቶምቦላ ብናወጣስ?

ያለ ብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ አንድም ትኬት አትሽጡ። ለአንድ ክፍል ቤተ መጻሕፍት ጨረታ ይበቃችኋል። በቤተ ክርስቲያን አንድ ድፎ ዳቦ ደጋግሞ ሲጫረት አይታችሁ የለም?

ከዘጌ፦ ሕዝቡን መቼ ብንጠይቀው ይሻላል?

ነሐሴና መስከረምን ተዉት። ወላጅ ደብተርና የደንብ ልብስ የሚገዛበት፣ ዐውደ ዓመት የሚደግስበት ጊዜ ነው። እናንተ ዘንድ በሬ ጠምዶ አይታረስም፤ ቤቱ የሚያድረው በቡናው ነው። ስለዚህ ቡናው ተለቅሞ ከተሸጠ በኋላ ጠይቁ። በከተማ ደመወዝተኛውን በወር መጨረሻ፣ ሰፈሩን በእድር ቀን አግኙት።

ከውጭ አገር፦ ገንዘቡን በአንድ ታማኝ ሰው ሒሳብ እንድንልክ ተነግሮናል።

አትላኩ። ሰውየው ቅን ቢሆንም ቢታመም ወይም ቢሞት ገንዘቡ የወራሾቹ ጉዳይ ይሆናል። ሒሳቡ በትምህርት ቤቱ ወይም በተመዘገበ ማኅበር ስም ይከፈት፤ ከሦስት ፈራሚዎች ሁለቱ ካልፈረሙ አይውጣ። ብሩን የሚይዘውና መዝገቡን የሚጽፈው ሰው ይለያይ። በቴሌብር የሚገባውም ወደ ግለሰብ ስልክ አይሂድ። በየወሩ ገቢና ወጪው በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ እናንተም ፎቶውን ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው። ማኅበሩን በቋሚነት ለመመሥረት ካሰባችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን አንብቡ፤ ለሕዝብ ጥቅም የቆመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል።

እንደ ሕዳሴ ግድብ ቦንድ መሸጥ አንችልም?

አትችሉም። ቦንድ ብድር ነው፤ ከነወለዱ የሚመልስ ያስፈልገዋል። ቤተ መጻሕፍት ምን ሸጦ ይመልሳል? ከግድቡ የምትወስዱት ሌላ ነገር አለ፦ በ8100 አጭር መልእክት እየላከ የሚችለውን ያዋጣው ሕዝብ ብዛቱ ነበር ጉልበቱ።

እናቴ ጉልት ትቸረችራለች። 10 ብር ይዛ ለመምጣት ታፍራለች።

ትምጣ፣ ልጄ። ኮሚቴዎች ሆይ፣ ለ10 ብርም ቁጥር ያለው ደረሰኝ ቁረጡ፣ ስሟንም ጻፉ። ዝርዝሩን ስትለጥፉ በብሩ መጠን አትደርድሩት፤ በፊደል ተራ ይሁን።