ልጄን የዩክሬኖች ማህበር ቦርድ ግቢ አሏት፣ ትግባ ወይስ ትቅር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከባህር ዳር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከዓባይ ማዶ ነኝ፣ እኔ እየነገርኳት የምትጽፍልኝ ትንሿ ልጄ ናት። ትልቋ እዚሁ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ጨርሳ አሁን ለንደን ነው ያለችው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የአንድ የዩክሬኖች የባህል በጎ አድራጎት ድርጅት ሂሳብ በነጻ ትሰራላቸዋለች። ኮንሰርት ያዘጋጃሉ፣ ቋንቋቸውን ያስተምራሉ፣ ኤግዚቢሽን ምናምን። አሁን ደግሞ ትረስቲ፣ ማለት የቦርድ አባል፣ ሁኚልን፣ ገንዘብ ያዥም አንቺ ነሽ ብለዋታል። እሷ ደስ ብሏታል እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ፣ ሰፈራችን አንድ የእድር ገንዘብ ያዥ ብር ጎደለ ተብሎ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ስላየሁ። ደሞዝ አለው? ገንዘብ ቢጠፋ ከፋይዋ እሷ ናት? ደግሞስ ሀበሻ ሆና የዩክሬን ማህበር ላይ ትሾማለች?

መልስ፦ እናቴ፣ መስጋትዎ ልክ ነው፣ አደራ ነው የሚሰጧት። ግን አንድ ባንድ እንየው፣ አብዛኛው ስጋትዎ መልስ አለው።

ከመጨረሻው ልጀምር። በእንግሊዝ ህግ ትረስቲ ለመሆን ዩክሬናዊ መሆን አይጠይቅም፣ እንግሊዛዊም መሆን አይጠይቅም። የሚከለከለው በማጭበርበር አይነት ወንጀል ተፈርዶበት ጊዜው ያላለፈለት፣ ከሰረ ተብሎ ታውጆበት ገና ያልተነሳለትና የመሳሰለው ሰው ነው። እንደውም እንዲህ ያሉ ማህበሮች ሂሳብ የሚያውቅ፣ ህግ የሚያውቅ ሰው ከውጭ ፈልገው ያመጣሉ፣ ምክንያቱም መዘምራንና ሰዓሊ ሞልቷቸው የባንክ ስቴትመንት አይቶ የሚጠይቅ ሰው ሊያጡ ይችላሉ።

ደሞዝ የለውም። የትራንስፖርት ወጪዋን ሊተኩላት ይችላሉ እንጂ ትረስቲ በመሆኗ አይከፈላትም፣ ለየት ያለ ፈቃድ ካልኖረ በቀር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ አሁን በነጻ ነው የምታግዘው ብለዋል፣ ነገ "ሂሳቡን በክፍያ ስሪልን" ካሏት ግን ትረስቲ ሆና ገንዘብ መቀበል ማለት ነው፣ ያንን የድርጅቱ መተዳደሪያ ደንብ ወይም ህጉ ካልፈቀደ አትንካው።

ወደ ዋናው ልምጣ፣ ገንዘብ ቢጠፋስ። በእንግሊዝና ዌልስ ቻሪቲ ኮሚሽን የሚባል የቻሪቲዎች (የበጎ አድራጎት ድርጅቶች) ተቆጣጣሪ አለ፣ እሱ ደጋግሞ የሚለው ነገር ሃላፊነቱ የትረስቲዎቹ ሁሉ የጋራ ነው ነው። ገንዘብ ያዥ የምትባለው ሰው ሂሳቡን ታቀርባለች፣ ታስረዳለች፣ ግን "እኔ ሂሳብ አላውቅም፣ እሷ ናት የምታውቀው" ብሎ ሌላው ትረስቲ አያመልጥም፣ ሰብሳቢውም ቢሆን። የእድር ገንዘብ ያዥ ብቻውን ሲጠየቅ ያዩት ያስደነግጣል፣ እዛ ግን አሰራሩ ሌላ ነው። በታማኝነትና በጥንቃቄ ለሰራች ትረስቲ፣ ስህተት ቢፈጠርም ኮሚሽኑም ፍርድ ቤቱም ከግል እዳ ነጻ ሊያወጧት ይችላሉ። አስቸጋሪ የሚሆነው አይታ እንዳላየች ዝም ካለች ነው።

ግን እዚህ ላይ ልጅዎ ሳትጠይቅ እንዳትገባ የምለው ጥያቄ አለ፣ ድርጅቱ በህግ ሰውነት ያለው ነው ወይስ የለውም? በኩባንያ መልክ የተመዘገበ ከሆነ ወይም የራሱ ሰውነት እንዲኖረው ተብሎ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተጀመረው የቻሪቲ አይነት ከሆነ፣ ኪራዩን የሚዋዋለው ድርጅቱ ራሱ ነው፣ እዳውም የድርጅቱ ነው። ዝም ብሎ ማህበር ከሆነ ግን አዳራሽ ሲከራዩ በስማቸው የሚፈርሙት ትረስቲዎቹ ናቸው፣ ገንዘቡ ካልበቃ ወደነሱ ኪስ ሊዞር ይችላል። ይሄ ልዩነት ትልቅ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ከገባ በኋላ ነው የሚያውቀው።

ይሄን ደግሞ እርስዎም ከዓባይ ማዶ ሆነው ማየት ይችላሉ፣ ትንሿ ልጅዎ በስልኳ ትክፈትልዎት። የኮሚሽኑ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፣ በነጻ። የድርጅቱን ስም ሲያስገቡ የትረስቲዎቹ ስም ይወጣል፣ የአመቱ ገቢና ወጪ በፓውንድ ይወጣል፣ ሪፖርታቸውን በጊዜው አስገብተው እንደሆነና ዘግይተው እንደሆነ በቀን ተቆጥሮ ይታያል። የሂሳብ አመቱ ካለቀ በኋላ ያላቸው ጊዜ 10 ወር ነው። በየአመቱ የሚዘገይ ማህበር ካገኙ ለልጅዎ ይንገሯት፣ "ለምን ዘገየ?" ብላ ትጠይቅ፣ መልሱን ስትሰማ ስለቦርዱ ብዙ ነገር ይገባታል።

ከዛ መተዳደሪያ ደንቡን ትቀበል፣ ያለፉትን አመታት ሂሳብና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ትጠይቅ። ክፍያ ሲወጣ ስንት ሰው ነው የሚያጸድቀው፣ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ያሳስባል። ስብሰባቸው ላይ አንዴ እንግዳ ሆና ትቀመጥ፣ ጥሩ ቦርድ ከሆነ መጀመሪያ ሰብሳቢዋ "ዛሬ ከምንወያይበት ነገር የግል ጥቅም ያለው አለ?" ትላለች፣ አንዱ ለምሳሌ ባለቤቴ ማተሚያ ቤት አላት፣ የኤግዚቢሽኑን ካታሎግ ለማተም ዋጋ ሰጥታለች ካለ ያ ነጥብ ሲደርስ ከክፍሉ ይወጣል፣ መውጣቱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፋል። ይሄን ካየች ትግባ። ይሄ ጥያቄ ጭራሽ የማይነሳበት ቤት ከሆነ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ማገዟን ትቀጥል፣ ፊርማዋን ግን አትስጥ።

ጥያቄ፦ በደርግ ጊዜ ዩክሬን፣ ካርኮቭ ከተማ የተማርኩ ነኝ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ቀበሌ 14 ነው ያለሁት። ዩክሬኖች ውጭ አገር ይሄን ሁሉ ማህበርና ኢንስቲትዩት የሚያቆሙት እንዴት ነው፣ የሚያስተዳድረው መንግስታቸው ነው እንዴ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ካርኮቭን ያውቁታል፣ እኛም ፖሊ፣ የባህር ዳሩ ፖሊ ቴክኒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቭየት ህብረት ትብብር መቋቋሙን እያወቅን ነው ያደግነው፣ ስለዚህ አገሩ ለባህር ዳር ሰው ሩቅ አይደለም። መልሱ ግን ባብዛኛው አይደለም ነው፣ እንዲያውም አብዛኞቹ የተመሰረቱት መንግስታቸው በማይረዳቸው፣ ጭራሽ በማይወዳቸው ጊዜ ነው። ከሁለተኛው የአለም ጦርነት በኋላ አገራቸው መመለስ ያልቻሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ዩክሬኖች እንግሊዝ ገቡ፣ የታላቋ ብሪታንያ ዩክሬኖች ማህበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ኒውዮርክ ያለውን የአሜሪካ ዩክሬን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1948 ያቋቋመው ዊሊያም ዙስ የሚባል የፈጠራ ሰው ነው፣ ለአውሮፕላን የሚሆን ማያያዣ ሰርቶ ሀብት ያፈራ ስደተኛ፣ በኋላ አምስተኛ ጎዳና ላይ ቤት ተገዝቶለት እስካሁን እዛው አለ። የለንደኑ የዩክሬን ኢንስቲትዩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ካርዲናል ዮሲፍ ስሊፒ ነው የመሰረቱት፣ እሳቸው ከሶቭየት እስር ቤት ወጥተው ሮም የተሰደዱ የሃይማኖት አባት ናቸው። የተጀመረው ሮም ላለው የዩክሬን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ሆኖ ነው።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። ኪየቭ ውስጥ ራሱ የዩክሬን ኢንስቲትዩት የሚባል አለ፣ እሱ እ.ኤ.አ. በ2017 በመንግስት የተቋቋመ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስር ያለ ነው። የለንደኑ ግን የሱ ቅርንጫፍ አይደለም፣ በእንግሊዝ ህግ የተመዘገበ ራሱን የቻለ ቻሪቲ ነው፣ ትረስቲዎቹ ዳይሬክተር ይቀጥራሉ፣ ዳይሬክተሩ የእለት ስራውን ይሰራል፣ ለነሱ ሪፖርት ያደርጋል። ኤምባሲው ደውሎ ይሄን ስሩ ቢላቸው የመስማት ግዴታ የለባቸውም፣ ውሳኔው የራሳቸው መሆን አለበት።

ይሄ ነገር ሩሲያ ሙሉ ወረራ ከጀመረችበት ከየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. በኋላ በጣም ነው የከበዳቸው። አስቡት፣ ግጥም ማንበቢያና ቋንቋ ማስተማሪያ ብሎ የተመዘገበ ትንሽ ማህበር ባንድ ጊዜ ሰው ሁሉ ገንዘብ ይልክለታል፣ የትረስቲው ዘመድ ራሱ ምድር ቤት ተደብቆ ቦምብ ይሰማል፣ እሱ ግን ቁጭ ብሎ "የተመዘገብንበት አላማ ይሄን ይፈቅዳል ወይ?" ብሎ መጠየቅ አለበት። ለስደተኞች ልብስ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ለልብስ ነው የሚውለው። ለውጭ አገር ጦር መሳሪያ መግዛት ደግሞ በእንግሊዝ ህግ የበጎ አድራጎት አላማ ተብሎ አይቆጠርም፣ ሰው የቱንም ያህል ቢያምንበት። ወንድሙ ግንባር ላለ ሰው ይሄን በቦርድ ስብሰባ ላይ አይሆንም ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሳስብ ለነዚህ ሰዎች ትልቅ አክብሮት ነው ያለኝ፣ ማንም በማያያቸው፣ በማይከፈላቸው ስራ ነው እንዲህ የሚፈተኑት።

ጥያቄ፦ ሹም አቦ አካባቢ የበገናና የማሲንቆ ማሰልጠኛ ማህበር ልናቋቁም ነው። ሃሳቡን ያመጣው ጓደኛችን ሰብሳቢ፣ ሚስቱ ገንዘብ ያዥ፣ ወንድሙ ጸሐፊ እንዲሆኑ ተስማምተናል። ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለው። ሰዎቹ ታማኝ ናቸው ብዬ አምናለሁ፣ ነገር ግን የሚፈርመው፣ የሚከፍለውና ቃለ ጉባኤ የሚይዘው አንድ ቤት ከሆነ ጥያቄ ሲነሳ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም፣ ጥያቄ የጠየቀው ሰው ደግሞ ቤተሰቡን እንደነካ ተደርጎ ይቆጠራል። ሰብሳቢው ጓደኛችሁ ይሁን፣ ገንዘብ ያዡን ግን ከቤተሰቡ ውጭ ምረጡ፣ ባንክ ላይ ሁለት ፊርማ አድርጉ፣ ከሁለት ቤት።

ምዝገባውን በተመለከተ ስራችሁ አማራ ክልል ውስጥ ብቻ ከሆነ የሚመለከተውን የክልሉን ቢሮ እዚሁ ባህር ዳር ጠይቁ። አዲስ አበባም ወይም ሌላ ክልልም እንሰራለን ካላችሁ የፌደራሉ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን አውርዳችሁ አንብቡት፣ በሱ መሰረት ማህበር የሚባለው ቢያንስ 5 አባላት ይኖሩታል፣ የበላይ አካሉም ጠቅላላ ጉባኤው ነው፣ ለህዝብ ወይም ለሶስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ከሆነም አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ ማለፍ የለበትም። ጠቅላላ ጉባኤ ስትጠሩ ደግሞ ሰርተፍኬት ለማግኘት ብቻ ሳይሆን በየአመቱ ጥሩ፣ ሂሳቡም ተባዝቶ ለእያንዳንዱ አባል ከስብሰባው በፊት ይድረሰው።